የሊፍት ሞተር ኢንኮደር አገጣጠምና የገመድ አዘረጋግ

ድራይቩ (ሞተሩን የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ሞተሩ በምን ፍጥነትና ወደየት እንደሚዞር የሚያውቀው ኢንኮደሩ (በሞተሩ ሻፍት ላይ የሚገጠመው የዙር ጠቋሚ) በሚልክለት ምልክት ስለሆነ፣ ሊፍቱ ሲንቀጠቀጥ ወይም የፍጥነት ስህተት ሲያሳይ ብዙዎች በቅድሚያ ኢንኮደሩን ይቀይራሉ። እኔ ግን ከግዢው በፊት ገመዱ ቢመረመር እመርጣለሁ።

ሥራው ሲጀመር ካቢኑ ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ፤ ዋናው ብሬከር ጠፍቶ ይቆለፍ፤ በድራይቩ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮችም አምራቹ የሚያዘውን ጊዜ ያህል ከቆዩ በኋላ ባዶ መሆናቸው በቴስተር ይለካ። ባዶ ካቢን ከካውንተርዌይቱ (በገመዱ ሌላ ጫፍ ካለው ማመጣጠኛ ክብደት) ስለሚቀል፣ ብሬኩ በእጅ ቢከፈት ወደ ላይ ይነጠቃል።

ማርሽ ላላቸው ተራ ሞተሮች በአብዛኛው በአንድ ዙር 1024 ፐልስ (የኤሌክትሪክ ምት) የሚሰጥ ኢንኮደር ይበቃል። ማርሽ አልባ ባለማግኔት ሞተር ላይ ግን ድራይቩ የሮተሩን (የሚዞረውን የሞተር ክፍል) ማዕዘን ጭምር ማወቅ ስላለበት፣ ሳይን-ኮሳይን ወይም አብሶሉት የሚባል፣ ማዕዘኑንም የሚያሳውቅ ዓይነት ኢንኮደር ያስፈልጋል። የ5 ቮልት ኢንኮደር 24 ቮልት ከተሰጠው ይቃጠላልና፣ ኢንኮደሩ ላይ የተጻፈው ቮልት ከድራይቩ የኢንኮደር ካርድ ጋር ይመሳከር።

ኢንኮደሩ በጸዳ ሻፍት ላይ በእጅ ተገፍቶ ይግባ እንጂ በመዶሻ አይመታ፤ በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ዲስክ መስታወት ነው። አካሉን የሚይዘው ስስ ብረት መተጣጠፍ መቻል አለበት፤ ሻፍቱም አካሉም ጥብቅ ብለው ከታሰሩ ኩሽኔታው ቶሎ ያልቃል።

ጥንቃቄ የሚበዛበት ገመዱ ነው። ኬብሉ ሺልድ (ረብሻን የሚከላከል የብረት ሽፋን) ያለውና ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተጠማዘዘ ሆኖ፣ የኤ ምልክት ሁለት ሽቦዎች (ኤ ፕላስና ኤ ማይነስ) በአንድ ጥንድ፣ የቢ ምልክት ሁለቱ (ቢ ፕላስና ቢ ማይነስ) በሌላ ጥንድ ይሂዱ፤ የቀለሙ ትርጉም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ በመለያ ወረቀቱ እንጂ በልማድ አይታሰር። ከሞተሩ የኃይል ኬብል ቢያንስ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ መሻገር ግድ ሲሆን በ90 ዲግሪ ማዕዘን ይሻገር። ኬብሉን መሃል ላይ ቆርጦ መቀጠል ምልክቱን ለረብሻ ያጋልጣል። ሺልዱ ድራይቩ ዘንድ ዙሪያውን በክላምፕ ታቅፎ ከግራውንድ ጋር ይገናኝ፤ ተጠቅልሎ እንደ ጭራ ከረዘመ ጥቅሙ ይቀንሳል። በኢንኮደሩ በኩል ይታሰር ወይም አይታሰር የሚለውን የአምራቹ መመሪያ ይወስናል።

ድሬዳዋ ውስጥ የማሽን ክፍሉ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆነ፣ የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ከሞተሩ ግለት ጋር ስለሚደመር የኢንኮደሩ የሙቀት ገደብ ከወዲሁ ይታይ። አቧራው እንዳይገባ የኬብሉ መግቢያ በደንብ ይጥበቅ።

የፐልሱ ቁጥር ድራይቩ ላይ ከተሞላ በኋላ ሊፍቱ በኢንስፔክሽን (በጥገና ሁነታ)፣ በዝግታ ይሞከር። ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ከፍተኛ ከረንት ከሳበ፣ የመጀመሪያው ጥርጣሬ የኢንኮደሩ አቅጣጫ መገልበጥ ነው፤ ኃይል ጠፍቶ ኤ ፕላስና ኤ ማይነስ ብቻ ቦታ ይለዋወጡ፣ ወይም አቅጣጫው በፓራሜትር ይቀየር። ባለማግኔት ሞተር ላይ ኢንኮደሩ ከሻፍቱ ተነቅሎ ከተመለሰ የማዕዘን ልኬቱ እንደገና መሠራት አለበት፤ ድራይቩ አዲሱን ቁጥር ሳይመዘግብ ሊፍቱ ለተሳፋሪ አይከፈትም።