መራጭነትንና ጸጸትን ስንለካ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«መራጭ ይወድቃል ከምራጭ» ይባላል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ባሪ ሽዋርትዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ይህንን ጠባይ በቁጥር የሚለካ መጠይቅ አወጡ። «ምርጡን ካላገኘሁ» ለሚል ጠባይ 13 ጥያቄ፣ ለጸጸት 5። መልሱ ከ1 እስከ 7 ነው። ባሕር ዳር ላይ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ልትጠቀሙበት ካሰባችሁ፣ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ።

ጥያቄውን እንዳለ መገልበጥ። አንዱ ጥያቄ ቪዲዮ ስለመከራየት ነው፤ ሌላው መኪና ውስጥ የሬዲዮ ጣቢያ ስለመቀያየር። ባጃጅ ውስጥ ግን ጣቢያውን የሚቀይረው ሹፌሩ ነው! ሰዉ በየቀኑ በሚመርጠው ነገር ተኩትና መጀመሪያ በጥቂት ሰዎች ላይ ሞክሩት።

ችግርን ጠባይ ብሎ መመዝገብ። ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ጣና ዳር ዓሣ የምትገዛን እናት ልብ ብላችሁ እዩ። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አንስታ ስንጥቡን ትገልጣለች፤ ቀይ ካልሆነ ትመልሰዋለች። ሆዱን በጣቷ ጫን ታደርጋለች፣ ታሸተዋለች፣ ዋጋ ጠይቃ ወደሚቀጥለው ሻጭ ትሄዳለች። መጠይቃችን «አማራጭ ታበዛለች» ብሎ ከፍተኛ ነጥብ ይሰጣታል። ግን ዋጋ ባልተለጠፈበት ገበያ ካልጠየቁ አይታወቅም። የተበላሸ ይዛ ከገባች ደግሞ ሌላ የምትገዛበት ገንዘብ ላይኖራት ይችላል። ቤቷ ገብታም ሌላው ሻጭ ጋ ስለቀረው ዓሣ የምትብሰለሰል ከሆነ፣ ያኔ ጠባይ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከግዢው በኋላ ስላለው ስሜት ጠይቁ፤ ገቢንም መዝግቡ።

የመራጭነቱን 13 ጥያቄዎች ደምሮ መጨረስም ያሳስታል። ተመራማሪዎቹ እነ ኔንኮቭ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲመረምሩት ውስጡ ሦስት ነገር አገኙ፦ አማራጭ ፍለጋ፣ ለመወሰን መቸገርና ከፍ ያለ መስፈርት። ለሥራው ጥራት የሚጨነቅ ሸማኔና ሸሚዝ መምረጥ የሚያቅተው ወጣት እኩል ድምር ሊያመጡ ይችላሉ። ለየብቻ አስሉ።

የተገለበጠውን ጥያቄ አትርሱ። ከጸጸት ጥያቄዎች አንዱ «አንዴ ከወሰንኩ ወደ ኋላ አላይም» የሚል ነው። እዚህ 7 የመለሰ ሰው ነጥቡ 1 ነው፤ መልሱን ከ8 ቀንሱ።

ጎረቤት እየሰማ መጠየቅም ይቅር። ይሉኝታ አለ፤ በተለይ ትልልቅ ሰዎች «ተመስገን፣ ምን ያጸጽተኛል» ብለው ያልፉታል።

በመጨረሻ፣ መራጭነትና ጸጸት አብረው ስለታዩ ብቻ አንዱ ሌላውን አመጣው አትበሉ። የአንድ ጊዜ መጠይቅ የትኛው እንደቀደመ አያሳይም። መራጭ ሁሉ ይከስራል ማለትም አይደለም። ተመራማሪዎቹ እነ አየንጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ምርጡን የሚያሳድዱ ሥራ ፈላጊ ተመራቂዎች መነሻ ደመወዛቸው ከሌሎቹ በ20 በመቶ ይበልጥ ነበር፤ እርካታቸው ግን ያነሰ። ያገኙትንና የተሰማቸውን በተለያየ ጥያቄ ጠይቁ።