አንድ ሳምንት በአላስካ፦ ከደሴ ሆነው ሲያቅዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እናትና አባቴ የተጋቡበት 40ኛ ዓመት ሲቃረብ ሲያትል የምትኖረው ታላቅ እህቴ ደወለች። «አንድ ሳምንት ሳይሳቀቁ የሚዝናኑበት ጉዞ አዘጋጂላቸው፤ ገንዘቡ በእኔ ነው» አለችኝ። አባቴ አላስካን መረጡ። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ግግር በረዶን በጠመኔ ሲሥሉ ኖረው በዓይናቸው ሳያዩት ጡረታ ወጥተዋል። ሙጋድ ባለው ቤታችን ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ ካርታ ዘርግቼ አቀድኩ፤ አብሬያቸውም ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ልጆቻቸው አሜሪካ ያሉ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች የጉዞ ዕቅዳቸውን ይዘው ይመጣሉ። እዚህ የምዘረዝራቸው ስህተቶች ከራሴ ደብተር የሰረዝኳቸውና በሌሎች ወረቀት ላይ ደግሜ ደጋግሜ ያገኘኋቸው ናቸው።

ወራቱን በአገር ቤት ልማድ መምረጥ

«ጥር ይሻለናል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሥራውም ይረግባል» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። በጥር አንኮሬጅ ከተማ የቀን ብርሃን የምታገኘው ለስድስት ሰዓት ያህል ነው። ወደ ግግር በረዶው የሚወስዱት ጀልባዎች አብዛኞቹ ታስረዋል፣ በዱር ውስጥ ያሉት ማረፊያዎችም ተዘግተዋል። አላስካ እንግዳ የምትቀበልበት ወቅት በግምት ከግንቦት 7 እስከ መስከረም 5 ያለው ነው። እኛ ክረምት ብለን ጃንጥላ የምንይዝበት ጊዜ ለእነርሱ በጋ ነው። እኔ ሰኔን እመርጣለሁ፤ ከሐምሌ መጨረሻ በኋላ በዚያ አካባቢ ዝናቡ እየበረታ ይሄዳል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ አንድ ቅሬታ አለ። ብዙ ሰው በሰሜን ሰማይ ላይ የሚደንሰውን አረንጓዴ ብርሃን በሰኔ አያለሁ ብሎ ይሄዳል። በሰኔ አጋማሽ አንኮሬጅ ላይ ፀሐይ ከ19 ሰዓት በላይ አትጠልቅም፤ ከጠለቀችም በኋላ ሰማዩ በደንብ አይጨልምም። ያንን ብርሃን ለማየት ጨለማ ያስፈልጋል፤ ጨለማው የሚመለሰው ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ነው። ሁለቱን በአንድ ሳምንት ለወላጆችዎ ቃል አይግቡላቸው።

ሰዓቱንና ቀኑን ሳይተረጉሙ መጻፍ

ትንሽ ትመስላለች፤ ጉዞ የምታበላሸው ግን እሷ ናት። የአንድ የኮምቦልቻ ቤተሰብ ዕቅድ ላይ ጀልባው «11:30» ተብሎ ተጽፎ፣ አባወራው ጠዋቱን ለገበያ መድበውታል። በእኛ አቆጣጠር 11:30 አመሻሽ ነው፤ ጀልባው ግን የሚነሣው ከጠዋቱ 5:30 ነበር። እያንዳንዱን ሰዓት በሁለት ዓምድ፣ የእነርሱንና የእኛን ጎን ለጎን ይጻፉ። በቀኑም እንዲሁ፦ የእነርሱ ጁላይ 12 የእኛ ሐምሌ 5 እንጂ ሐምሌ 12 አይደለም። አሜሪካኖች ደግሞ በቁጥር ሲጽፉ ወሩን ከቀኑ ያስቀድማሉ። ለቤት ስልክ ሲደውሉም በበጋ የ11 ሰዓት ልዩነት መኖሩን ያስታውሱ። አንኮሬጅ እኩለ ቀን ሲሆን ደሴ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ነው።

አላስካን በሙሉ በሰባት ቀን ለመጨረስ መሞከር

ይህ ዋናው ስህተት ነው፤ እኔም በመጀመሪያ ደብተሬ ላይ ሠርቼዋለሁ። አንኮሬጅ፣ ሱዋርድ፣ ዴናሊ፣ ፌርባንክስ፣ ጁኖ፣ በዚያ ላይ ድብ ለማየት በአውሮፕላን አንድ ቀን ብዬ ነበር። አባቴ ወረቀቱን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁና «ልጄ፣ ይህ የተማሪ የፈተና ፕሮግራም ነው እንጂ የሽማግሌ ሽርሽር አይደለም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። አላስካ የኢትዮጵያን አንድ ተኩል እጥፍ ታህላለች። ዋና ከተማዋ ጁኖ ከሌላው የግዛቱ ክፍል ጋር በመኪና መንገድ አትገናኝም፤ የሚደረስባት በአውሮፕላን ወይም በመርከብ ብቻ ነው። ከአንኮሬጅ እስከ ዴናሊ ፓርክ በር 380 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከደሴ አዲስ አበባ እንደመሄድ ማለት ነው። መንገዱ ጥሩ በመሆኑ በመኪና ከአራት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፤ ባቡሩ ግን ስምንት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ወደ ደቡብ ሱዋርድ 204 ኪሎ ሜትር ነው፤ በባቡር አራት ሰዓት ያህል። ይህ የባቡር ጉዞ ራሱ መዳረሻ ነው፦ በአንድ በኩል የባሕር ወሽመጥ፣ በሌላው በኩል ተራራ፣ አለፍ ሲልም መኪና የማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ ከሐዲዱ አጠገብ የተንጠለጠለ በረዶ።

በመጨረሻ ያጸናሁት ዕቅድ ሦስት ማረፊያ ብቻ ነበረው፦ ሱዋርድ ሁለት ሌሊት፣ ታልኪትና ሁለት ሌሊት፣ የቀረው አንኮሬጅ። ፌርባንክስን፣ ጁኖንና ድቡን ሰረዝኩ። አንድም ቀን አልቆጨኝም።

ተራራው ቀጠሮ ያከብራል ብሎ ማመን

ዴናሊ 6,190 ሜትር ከፍታ ያለው የሰሜን አሜሪካ ትልቁ ተራራ ነው። ግዝፈቱ የራሱን ደመና ይሠራል፤ በበጋ ከሚሄዱት ጎብኚዎች የሚያዩት ከሦስቱ አንዱ ያህል ናቸው። ገንዘብ ክፍል ያሳድጋል፣ ወንበር ያለሰልሳል፤ ደመና ግን አይገፍፍም። ስለዚህ ለተራራው አንድ ቀን ብቻ የሚመድብ ሰው ዕጣ እየጣለ መሆኑን ይወቅ።

ፓርኩን በተመለከተ ደግሞ ብዙዎች አሮጌ መረጃ ይዘው ይሄዳሉ። ወደ ውስጥ የሚዘልቀው መንገድ 148 ኪሎ ሜትር ነው፤ የግል መኪና የሚፈቀድለት እስከ 24ኛው ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን ከዚያ ወዲያ በፓርኩ አውቶቡስ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ግን 69ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በመሬት መንሸራተት ተዘጋ፤ ከአፈሩ ሥር ያለው በረዶ እየቀለጠ መንገዱን ይዞት ወረደ። ክረምት በመጣ ቁጥር ገደሉን በስጋት የሚመለከት የደሴ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በስፍራው ድልድይ ግንባታ ተጀምሯል፤ ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት የዚያን ዓመት የፓርኩን ማስታወቂያ ያንብቡ። በመንገዱ ጫፍ ያሉት ውድ ማረፊያዎች መንገዱ እስካልተከፈተ ድረስ የሚደረስባቸው በትንሽ አውሮፕላን ነው።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሆነ እኔ የምመክረው ታልኪትናን ነው። ከአንኮሬጅ ሁለት ሰዓት ተኩል አይሞላም፤ ተንሸራታች እግር ያላቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች ከዚያ ተነሥተው ተራራውን ይዞሩና ሩት የተባለው ግግር በረዶ ላይ ያርፋሉ። በረራውን በደረሱበት ቀን ያስይዙት፤ የሚቀጥለውን ጠዋት ባዶ ይተዉት። እኛ የደረስን ዕለት በደመና ምክንያት ተሰረዘ። እናቴ ፊቴን አይተው «አብሽሪ፣ ነገ አለ አይደል?» አሉኝ። በማግስቱ ረፋድ ላይ በረርን። ያ ባዶ ጠዋት ባይኖር ኖሮ ወደ አንኮሬጅ በሚመለሰው መኪና ውስጥ ተቀምጠን ሰማዩ ሲጠራ እናይ ነበር።

ግግር በረዶን ከመስኮት ለማየት መጠበቅ

ፖርቴጅ የተባለው ግግር በረዶ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ለጎብኚዎች የተሠራው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1986 ሲከፈት በረዶው ከፊት ለፊት ይታይ ነበር። ዛሬ ተጠማዞ ወደ ኋላ ስለሸሸ ሐይቁን በጀልባ ሳይሻገሩ አይታይም። ሱዋርድ አጠገብ ያለው ኤግዚት የተባለው ግግር ደግሞ መኪና የሚደርስበት ነው፤ በመንገዱና በእግር መሄጃው ዳር ዓመተ ምሕረት የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች ቆመዋል፤ እያንዳንዱ ሰሌዳ በረዶው በዚያ ዓመት የነበረበትን ጠርዝ ያሳያል። አባቴ በየሰሌዳው እየቆሙ እርምጃቸውን ቆጠሩ። በዕቅድዎ ላይ ለዚህ ሥፍራ ግማሽ ቀን እንጂ አንድ ሰዓት አይመድቡ።

የሳምንቱ ቁንጮ ግን ከሱዋርድ ተነሥቶ ወደ ኪናይ ፊዮርድስ ፓርክ የሚወስደው ጀልባ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1980 የተቋቋመ ሲሆን ከአንድ ሰፊ የበረዶ ሜዳ ወደ አርባ የሚጠጉ ግግሮች ይወርዱበታል። ግማሽ ቀን የማይሞላው አጭር ጉዞ ከሱዋርድ ወሽመጥ ስለማይወጣ ባሕር የሚገባውን በረዶ አያሳይም፤ ብዙ ሰው ዋጋ ለመቀነስ እሱን ወስዶ ያዝናል። ቢያንስ የስድስት ሰዓቱን ይያዙ።

አያሊክ የተባለው ግግር በረዶ ፊት ስንደርስ ካፒቴኑ ሞተሩን አጠፋ። ውኃው ላይ የተበታተነው በረዶ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣ ነበር፤ በውስጡ ታፍኖ የኖረው አየር ሲወጣ የሚሰጠው ድምፅ ነው። ሁላችንም ዝም አልን። ድንገት ከሰማያዊው ግድግዳ ቤት የሚያህል ቁራጭ ተገመሰ፤ ሲወድቅ ድምፅ የለውም። ውኃው ወደ ላይ ከተነሣ በኋላ ነው ነጎድጓዱ የደረሰን። እናቴ እጄን ጨብጠው «ሱብሃነላህ!» አሉ። አባቴ ዓይናቸውን ከበረዶው ሳያነሱ «ድምፁ የዘገየው ስለራቅን ነው፤ ሰከንዱን ብትቆጥሪ ርቀቱን ታገኚው ነበር» አሉኝ።

ወደዚያ የሚወስደው ባሕር ግን የሐይቅን ታንኳ የለመደ ሰው አይችለውም። ከወሽመጡ ሲወጡ ማዕበሉ ይነሣል፤ የማቅለሽለሽ መከላከያ እንክብሉ የሚዋጠው ማቅለሽለሽ ሲጀምር ሳይሆን ከመሳፈር አንድ ሰዓት በፊት ነው። ዕድሜያቸው ለገፋና መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች አስቀድሞ ሐኪም ይጠየቅ። «የጦሳ ተራራን ብርድ የቻለ ምን ይሆናል?» የሚለውን አባባልም ይተዉት። ከበረዶው የሚነሣው ንፋስ እርጥብ ነው፤ ውኃ የማያሳልፍ ጃኬት፣ ከሥሩ የሱፍ ሹራብ፣ ኮፍያና ጓንት በሰኔም ቢሆን ያስፈልጋል። ጋቢው ለባቡሩ ጥሩ ነው፤ በጀልባው ላይ ከረጠበ ግን ሸክም ይሆናል።

ቅንጦቱን ያለ ቦታው ማዋል

ለአንኮሬጅ ሆቴል ትልቁን ክፍል ይዘው ለበረራው ዋጋ የሚከራከሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። ክፍሉ ውስጥ የሚቆዩት ለመተኛት ነው፤ በሰኔ ደግሞ ሌሊቱ ብሩህ ስለሆነ ከሰፊ አልጋ ይልቅ ጥሩ መጋረጃና የዓይን መሸፈኛ ይጠቅማሉ። ገንዘቡን በረዶ ላይ በሚያርፈው አውሮፕላን፣ ጣሪያው መስታወት በሆነው የባቡር ማዕረግ፣ ሰው በማይጨናነቅበት ጀልባ ላይ ያውሉት። ሁለት ሌሊት አንድ ቦታ ማደርም ቅንጦት ነው፤ በየቀኑ ሻንጣ የሚዘጋና የሚከፍት ሰው አላረፈም። ለአስተናጋጅና ለአስጎብኚ የሚሰጠው ጉርሻ እዚያ እንደ ውዴታ አይታይም፤ በምግብ ቤት ከ15 እስከ 20 በመቶ አስበው በጀቱ ውስጥ ያስገቡት።

ምግብና ጸሎትን ለደረሱበት መተው

ሰኔ ላይ የሚሄዱ ኦርቶዶክሳውያን የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ላይ እስኪፈታ በጉዞው ውስጥ እንደሚያገኛቸው ያስቡ፤ በጀልባና በባቡር የሚቀርበው ምግብ ቀድሞ ካልታዘዘ የጾም አይሆንም። ለእኛ ቤተሰብ የአላስካ ዓሣ ብዙ ጭንቀት አቃለለልን፤ ሳልመን ሲቀርብ ማን አረደው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የከበደን ሶላቱ ነበር። ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 5:40 ገደማ፣ የምትወጣው 10:20 ላይ ነው። አባቴ በመጀመሪያው ሌሊት የማታውን ሶላት ኢሻን ሲጠብቁ የንጋቱ ሱብሂ ደረሰባቸው። ይህን ከአገር ሳይወጡ ከሚያምኑት ዐዋቂ ጋር መነጋገር ነበረባቸው፤ ሳላስታውሳቸው በመቅረቴ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ወረቀቱን አቃልሎ ማየት

ቪዛው ስንት ጊዜ እንደሚያስገባና እስከ መቼ እንደሚያገለግል አንብበው ይያዙ። ልጆች በደግነት ከሲያትል ወይም ከቫንኩቨር የሚነሣ ትልቅ መርከብ ይገዛሉ። ቫንኩቨር ካናዳ ነው። ከሲያትል የሚነሡትም የውጭ ባንዲራ የሚያውለበልቡ በመሆናቸው በአሜሪካ ሕግ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የካናዳ ወደብ ይነካሉ። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ካናዳ የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች፤ ወደ አሜሪካ ተመልሶ የመግባቱም ነገር አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። መኪና የሚከራይ ካለ በሾፌሩ ስም የወጣ ክሬዲት ካርድ ያስፈልገዋል። የጤና ኢንሹራንስ የሌላቸው አዛውንት ደግሞ አይጓዙ፤ በዚህ አልደራደርም።

አንኮሬጅን ማደሪያ ብቻ ማድረግ

ጉዞው ሦስት ነገር ነበረው፦ በረዶ፣ ዱርና ከተማ። ከተማው ሁልጊዜ ይዘለላል። አንኮሬጅ ሙዚየም አንድ ሙሉ ረፋድ ይበላል። መሃል ከተማው አጠገብ ባለው ሺፕ ክሪክ በሰኔ ሰዎች ረጅም ቦቲ ተጫምተው ትልልቅ ሳልመን ሲያጠምዱ ከድልድይ ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል። በባሕሩ ዳር 18 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የእግር መንገድ አለ፤ በመንገዱ ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ መታሰቢያ ፓርክ ይገኛል። መጋቢት 18 ቀን 1956 ዓ.ም. በመጠኑ 9.2 የሆነ መንቀጥቀጥ አራት ደቂቃ ተኩል ያህል ሲያናውጠው ሰፈሩ ወደ ባሕር ተንሸራተተ። ዛሬ ዛፍ ቢበቅልበትም መሬቱ ወጣ ገባ እንደሆነ ነው።

በመጀመሪያው ዕቅዴ ይህን ፓርክ «ጊዜ ከተረፈ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። አባቴ እዚያ ሲደርሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡና በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ሲያፈርስ የስምንት ዓመት ልጅ ሆነው የቤታቸው ግድግዳ ሲወዛወዝ ያዩትን ነገሩን። አርባ ዓመት አብረዋቸው የኖሩት እናቴ እንኳን ሰምተውት አያውቁም ነበር። ከዚያ ወንበር ሁለት ሰዓት ሙሉ አልተነሣንም።