«ሲስተም የለም» ሲባል፦ በፓርቲሽን የተከፈለ ሰርቨር ሲወድቅ

በባሕር ዳር በየመስኮቱ የሚሰማው «ሲስተም የለም» ለባለጉዳዩ ያው አንድ ነገር ነው። ለሰርቨር ክፍሉ ሰው ግን ምክንያቱም መድኃኒቱም ይለያያል። እዚህ የማነሣው ኤአይኤክስ የተባለው የአይቢኤም ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሠራባቸውን የአይቢኤም ፓወር ሰርቨሮች ነው። አንዱ ማሽን ፓርቲሽን በሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው እንደ ራሱን የቻለ ሰርቨር በሚሠሩ ክፍሎች ይከፈላል። ከሁሉ በፊት ማሽኑን ከውጭ በሚቆጣጠረው በኤችኤምሲ ኮንሶሉ ላይ የትኞቹ ፓርቲሽኖች አሁንም እየሠሩ እንደሆነ ይታይ። እስከዚያው የማሽኑን ማብሪያ ማጥፊያ ማንም አይንካ፤ ደህናዎቹም አብረው ይጠፋሉ።

አንዱ ብቻ ወድቆ ሌሎቹ ሲሠሩ

በፓርቲሽኑ የኮድ ማሳያ ላይ 888 ብልጭ ድርግም ካለ ኤአይኤክስ ወድቋል ማለት ነው። ቀጥሎ 102 ከመጣ ነገሩ ወደ ሶፍትዌር፣ 103 ከመጣ ወደ ሃርድዌር ያመለክታል። ቁጥሮቹን በቅደም ተከተላቸው ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ፓርቲሽኑ እንደገና ከተነሣ በኋላ ከማያው ላይ አይገኙም።

ምንም ኮድ ሳያሳይ ደርቆ ከቀረ፣ በኤችኤምሲው የማስነሻ ምርጫ ውስጥ «ኢሚዲየት» የሚለው ያጓጓል። አይምረጡት፤ ፓርቲሽኑ ይነሣል፣ የወደቀበት ምክንያት ግን አብሮ ይጠፋል። «ዳምፕ» የሚለውን ይምረጡና ማኅደረ ትውስታው ወደ ዲስክ ተጽፎ እስኪያልቅ ይጠብቁ። ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ መጠበቅ ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም ይጠብቁ። 0ሲ0 ከታየ ዳምፑ በሙሉ ተጽፏል። 0ሲ4 ከሆነ ቦታ ጠቦት ከፊሉ ብቻ ተጽፏል፤ 0ሲ8 ደግሞ መጻፊያው ጭራሽ አልተመደበም ማለት ነው። የሚያስፈልገውን መጠን ደህና ቀን ላይ በ«ሲስዳምፕዴቭ» ትእዛዝ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል።

ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ደርቀው ማሽኑ ግን ሲሠራ

ዲስካቸውንና ኔትወርካቸውን የሚያገኙት ከአንድ ቪአይኦኤስ (ዲስክና ኔትወርክ ለሌሎቹ ከሚያካፍል ልዩ ፓርቲሽን) ከሆነ ጥፋቱን እዚያ ይፈልጉ። እነርሱን አንድ በአንድ ማስነሣት ድካም ብቻ ነው። ቪአይኦኤሱ ይነሣ፣ ከዚያ ያልተመለሱት ይነሡ። ዘላቂው መፍትሔ ሁለተኛ ቪአይኦኤስ ነው፤ ገንዘብ የለም የሚል መልስ ሲሰጥ ደጋግሜ ሰምቻለሁ፣ የሥራ መቆሙን ኪሣራ ግን ማንም አስልቶ አያሳይም።

ሁሉም አብረው ሲጠፉ

በክረምት መጀመሪያ የሚጠረጠረው መብራት ነው። በነጎድጓድ መካከል መብራት ሄዶ ቢመጣ እንኳ ቶሎ አይጸናም፤ ስለዚህ ሳይረጋጋና የዩፒኤሱ ባትሪ በቂ ኃይል ሳይዝ ማሽኑን አያብሩ። ሲያበሩ ቪአይኦኤስ ይቅደም፣ ዳታቤዝ ይከተል፣ አፕሊኬሽን ይጨረስ። ቪአይኦኤሱን ቀድሞ የተነሣ ፓርቲሽን የሚነሣበትን ዲስክ አያገኝም። ዳታቤዙ ከሎጉ (ከለውጦች መዝገቡ) ራሱን ሲያድስ ቢዘገይም አያቋርጡት።

መብራት ሳይሄድ በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ከጠፋ ግን ሙቀት ነው ብለው ይጀምሩ። ብዙ ሰርቨሮች የሚመደቡበት የአሽሬ (የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር) ኤ2 ደረጃ ማሽኑ የሚስበው አየር እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሆን ይፈቅዳል፤ ከ900 ሜትር ከፍታ በላይ ግን በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነሳል። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ላይ ስላለች ጣሪያው 32 ዲግሪ ገደማ ነው። ቴርሞሜትሩን ከግድግዳው አውርደው ማሽኑ አየር በሚስብበት በፊት ለፊቱ ይስቀሉት።