ጆሃንስበርግን በሦስት ቀን፦ ከባሕር ዳር ለሚነሳ ሰው

ባሕር ዳር ላይ ትኬት ስቆርጥ የታዘብኩት ነገር አለ። ጆሃንስበርግ የሚሄድ ደንበኛዬ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚሄደው ሰው ሊጠይቅ ነው፤ ወንድም፣ ልጅ፣ የአክስት ልጅ። እኔም ብሆን ወንድሜ እዚያ ሱቅ ባይከፍት ኖሮ ከተማዋን እግሬም አይረግጣት ነበር። ሲመለሱ "እንዴት ናት?" ብዬ ስጠይቃቸው የሚያወሩልኝ ስለ ገበያ ማዕከል ነው፣ ስለ ጫማ ዋጋ። ለዚህ ለዚህማ አዲስ አበባ ምን አነሳት?

ስለዚህ ምክሬ ይኸው፦ ዘመድ ጥየቃውን ለማታ አድርጉት፣ ቀኑን ለወርቁ ስጡት። ከተማዋ ያለ ወርቅ የምትኖርበት ምክንያት አልነበራትም። እኛ ከተማን ከውሃ ጋር ነው የምናውቀው፤ እሷ ግን ሐይቅ የላት፣ ወደብ የላት፣ መርከብ የሚያስኬድ ወንዝ የላት። ዛሬም የምትጠጣው ከቫል ወንዝ የሚሳበውንና ከሌሶቶ ተራሮች የሚመጣውን ውሃ ነው። በ1886 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ላንግላግቴ በሚባል እርሻ ላይ ወርቅ ተገኘ፣ በዚያው ዓመት ሜዳው ከተማ ሆነ። አዲስ አበባም የተቆረቆረችው በዚያው ዓመት ነው ይባላል፤ እኩያሞች ናቸው።

መጀመሪያ ወረቀቱ። ቪዛ ያስፈልጋል፣ የሚጠየቀውም አዲስ አበባ ነው። ፓስፖርታችሁ ከመመለሻችሁ በኋላ ቢያንስ 30 ቀን የሚያገለግልና ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። የባንክ መግለጫ፣ የማረፊያ ማስረጃ፣ ዘመድ ዘንድ ለምታርፉ ደግሞ የጥሪ ደብዳቤ አዘጋጁ። ትኬቱን አስይዙት እንጂ ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ ገንዘብ አትክፈሉ፤ ይህን የምለው ትኬት ሻጯ ነኝና እመኑኝ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው የቢጫ ወባ ክትባትን ነው። ከኢትዮጵያ የሚገባ መንገደኛ ካርዱን ይጠየቃል፣ ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። አንዴ ከተከተባችሁ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ቀድሞ የተከተበ ሰው መሳቢያውን ይፈትሽ። ዶላሩን ባንክ የሚሸጥላችሁ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት አይቶ ስለሆነ ለመጨረሻው ቀን አታቆዩት። እዚያ የሚሠራው ራንድ ነው።

ወቅቱን በተመለከተ፣ የእነሱ ክረምት የሚውለው ከሰኔ እስከ ነሐሴ በእኛው ክረምት ነው፤ ግን ዝናብ የለውም። ቀኑ ጠራ ያለ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ። ብዙ ቤት ማሞቂያ የለውምና ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ፣ አታፍሩም። በጥቅምትና በኅዳር የሚሄድ ሰው ጃካራንዳው አብቦ መንገዱ ወይን ጠጅ ሆኖ ያገኘዋል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ነጎድጓድ ያለበት ዶፍ አይቀርም። ከፍታው 1,750 ሜትር ገደማ፣ ከባሕር ዳር ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ትንፋሽ አያስቸግርም።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። በእነሱ ከጠዋቱ 9፡00 ሲሆን እኛ ዘንድ 4 ሰዓት ነው፤ የአንድ ሰዓት ልዩነት አለ፣ ከዚያ ላይ የፈረንጅና የሐበሻ አቆጣጠር ይጨመራል። ከአዲስ አበባ በረራው ከአምስት ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ስትደርሱ ጋውትሬን የሚባለው ፈጣን ባቡር ከአየር ማረፊያው ያነሳችኋል፤ ሌሊት ግን አይሠራም። ሮዝባንክ የሚባለው ሰፈር ባቡሩ ስለሚቆምበት ለማረፊያ እሱን እመርጣለሁ። ለቀረው ጉዞ በስልክ የሚጠሩት ታክሲዎች፣ ኡበር ወይም ቦልት፣ ይበቃሉ። ሚኒባሶቹን የምትሞክሩ ከሆነ በአገሬው ሰው ታጅባችሁ ይሁን፤ የሚጠሩት በእጅ ምልክት ነው፣ ጠቋሚ ጣት ወደ ላይ ሲቀሰር "ወደ መሀል ከተማ" ማለት ነው። መኪናው በግራ ስለሚሄድ መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። መሀል ከተማ ላይ ስልክ በእጅ ይዞ መሄድ፣ ከመሸ በኋላም ብቻ መንቀሳቀስ አይሆንም። የሶኬቱ ቀዳዳ ሦስት ወፋፍራም ክብ ነው፤ መቀየሪያውን እዚያው ግዙ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የመጀመሪያው ቀን የጎልድ ሪፍ ሲቲ ይሁን። ልጆች የሚጫወቱበት መናፈሻ ነው፣ ጫጫታ አለው፤ እሱን እለፉት። የቆመው ግን በድሮው የክራውን ማይንስ ወርቅ ማውጫ 14ኛ ጉድጓድ ላይ ነውና የምድር ውስጥ ጉብኝቱን ጠይቁ። የራስ ቆብ አስደርገው ያወርዷችኋል፣ ወርቅ አቅልጠው ሲያፈሱም ያሳያሉ። እዚያ የሚያስጎበኘውን ሰው "ወርቁ የታለ?" ብላችሁ ጠይቁት። የሚያሳያችሁ ግራጫ ዐለት ነው፣ ምንም የሚያብረቀርቅ ነገር የለበትም። ቤኒሻንጉል ውስጥ በገበቴ የሚታጠበውን ዓይነት ወርቅ የጠበቀ ሰው ግር ይለዋል። የእነሱ ወርቅ በዐለቱ ውስጥ በጣም በጥቂት በጥቂቱ ተበትኗል፣ ንብርብሩም እያዘነበለ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ስለዚህ ገበቴ ይዞ የመጣ ደሃ ብዙ አልቆየም። ጉድጓድ የሚያስቆፍር፣ ዐለት የሚፈጭ ማሽን የሚያስመጣ፣ ሳያናይድ በሚባል ኬሚካል ወርቁን የሚለይ ባለገንዘብ ኩባንያ ነው ቦታውን የያዘው። ዐለቱ የሚሰጠው ትንሽ ስለሆነ ትርፉ የሚገኘው ከርካሽ ጉልበት ነበር። ከሞዛምቢክ፣ ከሌሶቶና ከሌላም ቦታ የመጡ ጥቁር ሠራተኞች በግቢ ውስጥ ተከተው፣ ያለ መታወቂያ ወረቀት መንቀሳቀስ ተከልክለው ይሠሩ ነበር።

ይህን ካያችሁ በኋላ ጎን ያለው የአፓርታይድ (ሰውን በዘር የሚለየው አገዛዝ) ሙዚየም ራሱ ይገባችኋል፤ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት የምለው ለዚህ ነው። ሙዚየሙ በ2001 ነው የተከፈተው። ትኬታችሁ ላይ "ነጭ" ወይም "ነጭ ያልሆነ" የሚል ይወጣላችኋል፣ በዕጣ ነው፣ በሩም ለየብቻ ነው። ከወንድሜ ጋር ስንገባ እሱ በነጮቹ በር ገባ፣ እኔ በሌላው፤ አጥሩ ሥር እስክንገናኝ ሲስቅብኝ ነበር። ሦስት ሰዓት መድቡለት፣ የሚዘጋበት ቀን ስለሚኖር አስቀድማችሁ አጣሩ። በዚያ በኩል ስትሄዱ በመንገዱ ዳር የምታዩት ቢጫ ኮረብታ ተፈጥሮ የሠራው እንዳይመስላችሁ፤ ወርቁ ከወጣለት በኋላ የተጣለ የዐለት ዱቄት ነው።

ሁለተኛው ቀን ኮንስቲትዩሽን ሂል። የድሮ ምሽግና እስር ቤት ነው። በቅርቡ አንድ ትልቅ ሰው ዕቅዱን ሳስረዳቸው፣ "ልጄ፣ እስር ቤት ለማየት ነው እንዴ ገንዘቤን የማወጣው?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ማንዴላ እኮ እኛ ዘንድ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደው በተመለሱበት በ1962 ነው ተይዘው እዚያ የገቡት" አልኳቸው።

"ታዲያ ይህን ቀድመሽ አትነግሪኝም?" አሉና አስያዙ።

ጋንዲም ታስረውበታል። የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት አሁን እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፣ ከፈረሰው የእስረኞች ማቆያ በተወሰደ ጡብም ተሠርቷል። ከአስጎብኚ ጋር ግቡ፤ ብቻችሁን ከሆነ ባዶ ግድግዳ አይታችሁ ትወጣላችሁ። ጊዜ ከተረፋችሁ መሀል ከተማ ሲመንድስ መንገድ ላይ ያለው የስታንዳርድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ የፌሬራ የድሮ የወርቅ መቆፈሪያ አለ፤ ሕንፃው ሲሠራ በ1986 ነው የተገኘው። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ለጎብኚ ክፍት መሆኑን ጠይቁ።

ሦስተኛው ቀን ሶዌቶ። ጥቁሮች ከከተማው ተገፍተው የሰፈሩበት ነው። ቪላካዚ መንገድ ላይ የማንዴላ ቤትና የዴዝሞንድ ቱቱ ቤት ይገኛሉ፤ የማንዴላው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። በጥይት የተገደለው ልጅ የሄክተር ፒተርሰን መታሰቢያ ጋ ግን አትቸኩሉ። ሰኔ 16 ቀን 1976 (በፈረንጅ) ተማሪዎች በአፍሪካንስ፣ በገዢዎቹ ነጮች ቋንቋ፣ አንማርም ብለው ሲወጡ የተተኮሰባቸው እዚያ ሰፈር ነው። ምሳ እዚያው ብሉ። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለባችሁ ፓፕ በቻካላካ እዘዙ፤ የበቆሎ ገንፎ በቃሪያ፣ በካሮትና በባቄላ ወጥ ነው፣ ለጾመኛ ይሆናል፤ ቅቤ እንዳይገባበት ብቻ ንገሯቸው።

ከሶዌቶ ስትመለሱ፣ ሳይመሽ፣ መሀል ከተማ ያለው ጄፒ መንገድ ግቡ። ራሂማ ሙሳ ተብሎ ተሰይሟል፣ የእኛ ሰው ግን ጄፒ ነው የሚለው። ድሮ የሐኪሞች ቢሮ የነበሩ ፎቆች ክፍል በክፍል የሐበሻ ሱቅ ሆነዋል፤ ደረጃውን ስትወጡ በርበሬና የተቆላ ቡና ይሸታል፣ አማርኛው ይሰማል። እንጀራ የናፈቀው እዚያ ይብላ፣ ዘመዶቻችሁንም እዚያው ቅጠሩ፤ ቤታቸው ከሄዳችሁ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ አይለቋችሁም፣ ቀኑም ያልቃል።

አራተኛ ቀን ያለው ሰው ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ ስተርክፎንቴን ዋሻን ሊያይ ይችላል፣ የጥንት ሰው ቅሪተ አካል የተገኘበት ነው። የድንቅነሽ አገር ሰው ስለሆንን ግዴታ አይደለም። አንበሳ ለማየት የሚሄዱትን አልከለክልም፣ በሦስት ቀን ውስጥ ግን አይገባም።

ለመመለሻው፣ ከጆሃንስበርግ የሚነሳው አውሮፕላን አዲስ አበባ ማታ ከገባ የባሕር ዳሩ የመጨረሻ በረራ ያመልጣችኋል። ትኬቱን ሁለቱንም በአንድ ላይ አስቆርጡ፣ ለያይታችሁ አትግዙ፤ ቦሌ አካባቢ ለአንድ ሌሊት ማደሪያም ከአሁኑ ያዙ።