ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይችን አድርጉ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያገለገለ መኪና ልትገዙ ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር በዓይናችሁ አመሳክሩ። የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ከመሰላችሁ እዚያው ተዉት። ቀጥሎ ከባለቤቱ ጋር ፋይሉ ወዳለበት መንገድ ትራንስፖርት ሂዱና እግድ እንዳለበት አጣሩ፤ በባንክ ብድር የተያዘ ከሆነ ሊብሬው እጃችሁ ቢገባም ስም አይዞርላችሁም። ወንድሜ ይህን ሳያጣራ ገዝቶ ስንት ወር ተንከራቷል፣ ለዛ ነው የምጽፈው። ከቀረጥ ነፃ የገባ መሆን አለመሆኑንም ጠይቁ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድ መሆኑንና አለመሻሩን ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ አረጋግጡ።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብዙ አትመኑት፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። እኛ ጋ የተሻለ መፈተሻ አለ፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው ዳገት። የምታምኑት መካኒክ ይዛችሁ ንዱት። ሙቀቱ ከፍ ካለ፣ ሰማያዊ ወይም ነጭ ጭስ ከበዛ፣ ማርሽ ሲቀየር ከታገለ እዚያው ይታያችኋል። ስትመለሱ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን እዩት፤ ስትይዙት መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩን አስፈትሹ።