ሲመሽ "ወደ ቤቴ ውሰዱኝ" ሲሉ አትከራከሩ

አልዛይመር፣ ማለትም የመርሳት በሽታ፣ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ አመሻሽ ላይ ይረበሻል። "ቤቴ ልሂድ" ይላል፣ እቤቱ ተቀምጦ። እኔ እዚህ ደሴ እናቴን ሳስታምም "ቤትሽ እኮ ይሄ ነው" እያልኩ ወራት ሙሉ ተከራከርኩ፣ እሷ ታለቅሳለች፣ እኔም አብሬ። አሁን "እስቲ የሐይቁ ቤትሽ ግቢ ውስጥ ምን ነበረ?" እላታለሁ፤ ስለ ላሟ፣ ስለ ብርቱካኑ ስታወራ መሄዱን ትተወዋለች። ሳይጨልም መብራት አብሩ፣ ጥላው ያስፈራቸዋል። ቡናውን በጠዋት አድርጉት፤ ለወሎ ሰው ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን የማታ ቡና እንቅልፍ ይነሳል። ግራ መጋባቱ በአንድ ሁለት ቀን ድንገት ከባሰ ግን በሽታው ነው ብላችሁ አትለፉት፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።