የገና ወጪ የሚቀለው ከአሁኑ ከተጀመረ ነው

ደሴ ያላችሁ፣ የገናን ሸመታ ለዋዜማው አታቆዩት። የዚያን ዕለት ሰኞ ገበያ ወደሚባለው የከተማችን ገበያ ብትወርዱ ለመከራከር ጊዜም ትዕግሥትም የለም፤ የተባላችሁትን ከፍላችሁ ትመለሳላችሁ።

እኔ ቅቤ የምገዛው ጾሙ ኅዳር 15 ከገባ በኋላ መሃሉ ላይ ነው። ጿሚው ስለማይፈልገው ገዢው ሳሳ፣ ዋጋውም ረገብ ይላል። ስትገዙ ላዩን ብቻ አትቅመሱ፤ በቢላ ጫፍ እስከ መሃሉ ወግታችሁ አውጡና አሽትቱት፣ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በአብሽ አንጥሩት። ውሃው በደንብ ከወጣለት ለገና ቀርቶ ለጥምቀትም ይደርሳል። ሽንኩርት ግን እርጥቡን አታከማቹ፣ ይበሰብስባችኋል።

ሥጋውን በቅርጫ ግቡ።

ስጦታ የምትሰጡም የሚያብረቀርቀውን መጠቅለያ ተዉት፤ ተቀዶ ለሚጣል ነገር ገንዘብ ያሳዝናል። ልብስ ሰፊ ጋ ጎራ ብላችሁ የተረፈ ቁራጭ ጨርቅ ጠይቁ። አምና ለእናቴ የገዛሁትን ነጠላ ጥለቱ ወደ ላይ እንዲሆን አጥፌ፣ በአበባማ ቁራጭ ላይ አስቀምጬ አራቱን ጫፍ እንደ ስንቅ ቋጠርኩት። እሷም ጨርቁን አጥባ ዛሬ ድረስ እንጀራ ትሸፍንበታለች። የግድ ወረቀት ካስፈለጋችሁ ደግሞ ስጦታው ያለበትን ጠፍጣፋ ካርቶን ወረቀቱ ላይ በሰያፍ አስቀምጡና አራቱን ማዕዘን ወደ መሃል እጠፉ፤ ትንሽ ወረቀትና አንድ ቁራጭ ፕላስተር ይበቃዋል።